ጠይቁን፦ ከ16 ዓመቱ ጀምሮ ግንብ ያጠና መኮንን

በባለፈው ዕትማችን ስለ ጆሴፍ ጊልበርት ቶተን አጭር ማስታወሻ አውጥተን ነበር። ቶተን በ1788 በኮኔቲከት፣ ኒው ሄቨን ከተማ ተወለደ። በ1805 የአሜሪካ ጦር የምህንድስና ጓድ መኮንን ሆነ። ከ1838 ጀምሮ በ1864 እስኪሞት ድረስ የጓዱ አለቃ ነበር። ኒውፖርት ወደብ ላይ ያለውን ፎርት አዳምስ የተባለ ምሽግ ለ13 ዓመት እየተቆጣጠረ አሠርቷል። ማስታወሻዋ ትንሽ ብትሆንም ከአራት ኪሎ እስከ ልደታ ብዙ ደብዳቤ አስመጥታለች። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርገን እንመልሳለን። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ በ16 ዓመት መኮንን መሆን እንዴት ይቻላል? እኛ በዚያ ዕድሜ ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበርን። ምን ተምሮ ነው መሐንዲስ የተባለው? (የሲቪል ምህንድስና ተማሪ፣ አምስት ኪሎ)

ትምህርት ቤቱ ራሱ ገና ሕፃን ስለነበረ ነው። የምህንድስና ጓዱንና የዌስት ፖይንትን የጦር ትምህርት ቤት ያቋቋመው ሕግ የወጣው ማርች 16 ቀን 1802 ሲሆን፣ መኮንንና ዕጩ ተደምሮ ቁጥራቸው ከ20 እንዳይበልጥ ይደነግጋል። የመግቢያ ዕድሜም፣ ጥብቅ የመግቢያ ፈተናም፣ የተወሰነ የትምህርት ዘመንም አልነበረም። ቶተን እናቱን በልጅነቱ በማጣቱ ያሳደገው አጎቱ ጃሬድ ማንስፊልድ ነው። ማንስፊልድ የሒሳብ ሊቅ ነበር፤ በ1802 ዌስት ፖይንት ሊያስተምር ሲሄድ ልጁም አብሮ ገባ። ከሦስት ዓመት ባነሰ ጊዜ ጨርሶ፣ ጁላይ 1805 ሁለተኛ መቶ አለቃ ሆኖ ወጣ፤ ከትምህርት ቤቱ ምሩቃን አሥረኛው መሆኑ ነው።

እዚያ የተማረው ሒሳብ፣ የመሬት ቅየሳ፣ ንድፍና የምሽግ አሠራር ነው። ግን መሐንዲስ ያደረገው ክፍል ውስጥ የተማረው ብቻ አይደለም። በ1806 ከጦሩ ለቆ፣ አጎቱ በኃላፊነት የሚመራውን የሰሜን ምዕራብ ግዛት የመሬት ቅየሳ ለሁለት ዓመት ያህል አገዘ። ሰንሰለት እየጎተቱ ጫካ ውስጥ መስመር ማውጣት ልኬት ላይ የሚሠራ ስህተት የት እንደሚጠራቀም በሚገባ ያስተምራል። በ1808 ሲመለስ ኒውዮርክ ወደብ ላይ ሁለት ክብ ምሽጎች እየተገነቡ ነበር፤ ካስል ዊሊያምስና ካስል ክሊንተን። የጓዱ አለቃ ጆናታን ዊሊያምስ ሥር ሆኖ ውፍረቱ ሁለት ሜትር ተኩል ገደማ የሆነ የቀይ አሸዋ ድንጋይ ግንብ ሲነሳ ከመሠረቱ አየ። በዛሬ ቋንቋ ትምህርቱ ግማሹ የተግባር ልምምድ ነበር ማለት ይቻላል።

ዛሬ የምናውቀውን ዓይነት ሥርዓት ያመጣው ሲልቫነስ ታየር ነው። ከ1817 እስከ 1833 የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ሆኖ ተማሪዎቹን በትንንሽ ቡድን ከፈለ፤ እያንዳንዱ ተማሪ በየቀኑ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሞ እንዲያስረዳና በውጤቱ ተራ እንዲወጣለት አደረገ። ቶተን ያመለጠው ሥርዓት ይህ ነው። በኋላ ግን በሥሩ ያሠራቸው ወጣት መኮንኖች የታየር ልጆች ነበሩ፤ የፎርት አዳምስ ጥናቶች የተሳኩትም በእነሱ ጭምር ነው።

ጥያቄ፦ ማስታወሻችሁ ብርጋዴር ጄኔራልነትን በ1863 አገኘ ይላል። ያኔ 74 ዓመቱ ነው። ለምን ይህን ያህል ዘገየ? (በጡረታ ላይ ያለ ወታደር፣ አራት ኪሎ)

ጓዱ ጠባብ ስለነበረና ሹመቱም በቦታ ስለሚሰጥ ነው። ከላይ ያለው ሰው ካልሞተ ወይም ካልለቀቀ የታችኛው አይወጣም። ቶተን ሻለቃ የሆነው በ1818፣ አለቃው ጆሴፍ ስዊፍት ሲለቅ ነው። ስዊፍት የለቀቀው ደግሞ የናፖሊዮን ጄኔራል የነበረው ሲሞን በርናርድ ከፈረንሳይ መጥቶ የባሕር ዳር መከላከያ ዕቅድ ቦርድ ውስጥ በመሾሙ ቅሬታ አድሮበት ነው። ቶተን ግን አልለቀቀም፤ ከበርናርድ ጋር እዚያው ቦርድ ላይ ተቀምጦ ሠራ። በእኛ አስተያየት የሥራ ዘመኑን ትልቁን አቅጣጫ የወሰነው ይህ ነው፤ ለቀጣዮቹ 40 ዓመታት የሚሠሩት የባሕር ዳር ምሽጎች ዕቅድ የወጣው ከዚያ ቦርድ ነውና።

ሌተና ኮሎኔል በ1828፣ ኮሎኔል በ1838 ሆነ። የጓዱ አለቃ መደበኛ ማዕረግ እስከ 1863 ድረስ ኮሎኔል ስለነበር ከዚያ በላይ ቦታ አልነበረም። በመካከሉ ግን የክብር ማዕረግ ይሰጥ ነበር። በ1814 በፕላትስበርግ ውጊያ ላሠራቸው ምሽጎች የክብር ሌተና ኮሎኔል፣ በ1847 የሜክሲኮዋ ቬራክሩዝ ከተማ በተከበበች ጊዜ ለመራው የምህንድስና ሥራ የክብር ብርጋዴር ጄኔራል ተባለ። የክብር ማዕረግ ስሙን እንጂ የጓዱን ተራ አይለውጥም።

ጥያቄ፦ እኔ ግንበኛ ነኝ። ፒያሳ አካባቢ አሮጌ የድንጋይ ግንብ ስናፈርስ ውጭው ደርቆ ውስጡ ያለው ኖራ እንደ ቅቤ የሚላቀቅበት ጊዜ አለ። ያ ሰው ሁለት ሜትር የሚወፍር ግንብ በምን አያያዘው? (ከተክለ ሃይማኖት)

ያዩት ነገር ቶተን ዕድሜውን ሙሉ የታገለው ችግር ነው። ንጹሕ ኖራ የሚጠነክረው ከአየር ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ተመልሶ ወደ ድንጋይነት ሲቀየር ነው። አየሩ የሚገባው ከፊት ለፊት ነው፤ ፊቱ ሲደድር ደግሞ ለውስጠኛው መንገዱን ይዘጋበታል። ስለዚህ 40 ሴንቲ ሜትር ግድግዳ ላይ ጊዜ ይወስዳል እንጂ ይደርሳል፤ ሁለት ሜትር ግንብ መሐል ግን ላይደርስ ይችላል። ፈረንሳዊው የጦር መሐንዲስ ትሩሳር በ1822 ስትራስቡርግ ላይ በ1666 የተሠራ የምሽግ ክፍል ሲያፈርስ፣ መሐሉ ያለው ኖራ ከ156 ዓመት በኋላ እንደተቦካበት ቀን ለስላሳ ሆኖ አግኝቶታል። ቶተን የትሩሳርን ጥናት ወደ እንግሊዝኛ ተርጉሞ የራሱን የፎርት አዳምስ ሙከራዎች ጨምሮበት አሳተመ።

መፍትሔው አየር ሳይፈልግ፣ ውሃ ውስጥ ሳይቀር የሚጠነክር ማያያዣ ነው። ይህ የሚሆነው ውስጡ ሸክላማ አፈር ያለው የኖራ ድንጋይ ሲቃጠል፣ ወይም ለንጹሕ ኖራ የእሳተ ገሞራ አመድ ወይም የተቃጠለ ሸክላ ዱቄት ሲጨመርለት ነው። በሸክላውና በአመዱ ውስጥ ያሉት ሲሊካና አሉሚና የተባሉ ማዕድናት ከኖራው ጋር ውሃ ባለበት ይዋሃዳሉ፤ አየር አያስፈልጋቸውም። አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያለ ድንጋይ በኢሪ ቦይ ሥራ ጊዜ ተገኘ፤ መሐንዲሱ ካንቫስ ኋይት በ1820 የፈጠራ መብት አወጣበት። ትንሽ ቆይቶ ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ ሮዘንዴል ላይ የተሻለው ተገኘና ለምሽጎቹ ዋና ሲሚንቶ ሆነ።

እርስዎ ይህን አያጡትም፤ ፒፒሲ የምንለው ሲሚንቶ የሚሠራው በዚያው መንገድ ነው። እዚህ አገር ፋብሪካዎች ለሲሚንቶው የሚጨምሩት ፑሚስ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው።

በቶተን ዘመን ሥራው የሚበላሽባቸው ነጥቦች ዛሬም እነዚያው ናቸው። የመጀመሪያው ውሃ ነው። የተቃጠለው ኖራ ላይ ውሃ ሲፈስ ይፈላል፣ ይሰነጠቃል፣ ዱቄት ይሆናል። ለመድፈን ከሚበቃው በላይ ካጥለቀለቁት ይቀዘቅዝና ያልበሰለ እንክብል ይቀርበታል። እንክብሉ ግድግዳ ውስጥ ከገባ በኋላ ዘግይቶ ይፈላና ልስኑን ይገፋል፤ ትንንሽ ጉድጓድ እየፈነዳ የሚታየው ከዚህ ነው። ስለዚህ ጥቂት ጥቂት እየረጩ ማፍላት፣ ሸፍኖ ሙቀቱን መያዝ፣ ከዚያም በወንፊት መንፋት። ሁለተኛው አሸዋ ነው፤ ርካሽ ስለሆነ ይበዛል። ኖራው በአሸዋው ቅንጣቶች መካከል ያለውን ክፍተት ካልሞላ ማያያዣ የለም ማለት ነው። ክፍተቱን ለማወቅ አንድ ሊትር ደረቅ አሸዋ ውስጥ አፉ ድረስ ውሃ ይጨምሩ፤ የገባው ውሃ መጠን ከሚያስፈልገው ኖራ ማነስ የለበትም። አብዛኛውን ጊዜ ሲሶ ያህል ይሆናል፤ አንድ ለሦስት የሚባለው ልክ የመጣው ከዚያ ነው። ሦስተኛው የደረቀ ድንጋይ ነው። ያልረጠበ ድንጋይ የሞርታሩን፣ ማለትም የማያያዣ ቅልቅሉን፣ ውሃ ይመጠዋል፣ ሲሚንቶው ሳይጠነክር ዱቄት ሆኖ ይቀራል።

መጠንከሩን የሚለኩት በክብደት ነው። የጓዱ መሐንዲሶች ሁለት መርፌ ነበሯቸው፤ አንዱ የኢንች 12ኛ የሚወፍርና ሩብ ፓውንድ የሚጫንበት፣ ሁለተኛው የኢንች 24ኛ የሚወፍርና አንድ ፓውንድ የሚጫንበት። በእኛ ልክ 2.1 ሚ.ሜ ከ113 ግራም ጋር፣ 1.06 ሚ.ሜ ከ454 ግራም ጋር መሆኑ ነው። ወፍራሙ መርፌ ምልክት ሳይተው ሲቆም ሲሚንቶው መያዝ ጀምሯል፤ ቀጭኑ ሲቆም ጨርሷል። እነዚህ መርፌዎች የጊልሞር መርፌ ተብለው እስከ ዛሬ በቤተ ሙከራ አሉ። ጊልሞር የሚለውን ስም ያዙልን፤ ሌላ መልስ ላይ ይመጣል።

ለፒያሳው ግንብ አንድ ማሳሰቢያ፦ በኖራ ወይም በጭቃ የተሠራ አሮጌ ግንብ መገጣጠሚያ ላይ ጠንካራ የሲሚንቶ ሙሌት አይለጥፉ። ሲሚንቶው እርጥበቱን ውስጥ ያፍናል፤ ውሃው መውጫ ሲያጣ በድንጋዩ በኩል ይወጣና የድንጋዩን ፊት ይልጠዋል።

ጥያቄ፦ ካዛንቺስ አንድ ሕንፃ ጣሪያ ጠርዝ ላይ የአምቦ ድንጋይ አልብሰን ነበር። መገጣጠሚያው በየዓመቱ ይሰነጠቃል፤ ሦስት ጊዜ በተለያየ ሲሚንቶ ሞላነው። ጥፋቱ የማን ነው? (የማጠናቀቂያ ሥራ ተቋራጭ)

የሲሚንቶው አይደለም። ፎርት አዳምስ ላይ ልክ ይኸው ገጥሟቸዋል። የግንቡ አናት ላይ የተደረደሩት ረጃጅም ድንጋዮች መገጣጠሚያ በምንም ዓይነት ማያያዣ ቢሞላ ይከፈት ነበር። ቶተን ሥራውን ለሌተናንት ዊሊያም ባርትሌት ሰጠው፤ ባርትሌትም ድንጋዮቹ በሙቀት ምን ያህል እንደሚረዝሙ ለካ፤ ውጤቱም በ1832 ታተመ። በሜትርና በሴንቲግሬድ ብንመልሰው፣ አንድ ሜትር ድንጋይ ሙቀቱ 10 ዲግሪ ሲጨምር ግራናይት 0.087 ሚ.ሜ፣ እብነ በረድ 0.102 ሚ.ሜ፣ አሸዋ ድንጋይ 0.172 ሚ.ሜ ይረዝማል። አሸዋ ድንጋይ የግራናይት እጥፍ ነው፤ የአምቦ ድንጋይ ደግሞ አሸዋ ድንጋይ ነው።

እንግዲህ ያስሉት። አዲስ አበባ ውስጥ የጥቅምትና የኅዳር ሌሊት ብርድና የቀትር ፀሐይ ድንጋዩ ፊት ላይ የ30 ዲግሪ ልዩነት ያመጣሉ ብንል፣ አራት ሜትር ርዝመት ያለው የአሸዋ ድንጋይ መስመር 4 × 0.172 × 3፣ ማለትም 2 ሚ.ሜ ያህል ይሄዳል ይመጣል። ደረቅ ሲሚንቶ ይህን አይከተልም፤ ሲሞቅ ይደቀቃል፣ ሲቀዘቅዝ ይከፈታል፣ በስንጥቁ ውሃ ይገባል። ስለዚህ በየአራት ሜትሩ 10 ሚ.ሜ ክፍት ቦታ ይተዉ፤ ውስጡ ክብ የስፖንጅ ገመድ ይጠቅጥቁና ላዩን በሚለጠጥ ማሸጊያ ይዝጉ። አንድ አራተኛ የሚለጠጥ ማሸጊያ 10 ሚ.ሜ ላይ 2.5 ሚ.ሜ ይችላል፤ ይበቃል። ክፍተቱ ከድንጋዩ ሥር ባለው ሞርታርም ውስጥ መዝለቅ አለበት፤ ከላይ ተከፍቶ ከታች ከተያያዘ ድንጋዩ ራሱ ይሰነጠቃል። ድንጋዩ ከካባ ካባ ስለሚለያይ ትልቅ ሥራ ከሆነ ናሙናውን አስለክተው ይጀምሩ።

ጥያቄ፦ ቴዎድሮስ አደባባይ ባለፍኩ ቁጥር የሴባስቶፖልን አምሳያ አያለሁ። የቶተን ግንብ እንዲህ ያለውን መድፍ ይችል ነበር? ደግሞስ መድፍ የሚተኮስበት ቀዳዳ ያለው ግንብ ቀዳዳው ላይ አይመታም? (ከቸርችል ጎዳና)

ዘመናቸው አንድ ነው፤ ቶተን ሲሞት አፄ ቴዎድሮስ በዙፋን ላይ ነበሩ፤ ሴባስቶፖልም የጋፋት ሥራ ነው። ግን ሴባስቶፖል ወደ ላይ አቅንቶ የሚወረውር አጭርና ሰፊ አፍ ያለው መድፍ ነው። ለእንዲህ ያለው መልሱ ግድግዳው ሳይሆን ጣሪያው ነው። የቶተን ምሽጎች መድፍ የሚያስቀምጡት በቅስት ጣሪያ ክፍል ውስጥ ሲሆን፣ ቅስቱ ላይ ወፍራም አፈር ይደለደላል፤ አፈሩ የሚወርደውን ጥይት ፍጥነት ይበላል፣ ቅስቱ ክብደቱን ወደ ምሰሶዎቹ ያወርዳል።

ሁለተኛው ጥያቄዎ ግን የሰውየውን ዋና ሥራ ነክቷል። መድፍ ግራና ቀኝ እንዲዞር ቀዳዳው ሰፊ መሆን አለበት፤ ሰፊ ከሆነ የጠላት ጥይት ይገባል። አሮጌዎቹ ቀዳዳዎች ወደ ውጭ እየሰፉ የሚሄዱ ነበሩ። ጎናቸው ያጋደለ ስለሆነ፣ ያጋደለውን ፊት የመታ ትንሽ ጥይት ሁሉ ተንሸራትቶ ወደ ውስጥ፣ መድፈኞቹ ላይ ይገባል። ቀዳዳው ራሱ ጥይት ሰብሳቢ ሆነ ማለት ነው።

ቶተን መፍትሔውን በ1815 አካባቢ ጀምሮ 40 ዓመት አሻሻለው። መድፉ የሚዞርበትን ማዕከል ወደ ቀዳዳው ጉሮሮ አመጣው፤ በዚህም አፈሙዙ ሲዞር ቦታው ብዙ አይሸሽም። ቀዳዳው ትንሽ ሆኖ ሳለ መድፉ 60 ዲግሪ ይዞራል። ከ1852 እስከ 1855 ደግሞ ዌስት ፖይንት ላይ የሙከራ ግንብ አሠራ። ግራናይት፣ ጡብና ኮንክሪት፣ እርሳስ ሳይቀር ተሞከረ፤ በትልልቅ ጥይትም፣ እንደ ጠጠር በሚበተን ጥይትም ተተኮሰበት። ከዚያ የወጣው ቀዳዳ፣ ግንቡ እዚያ ቦታ ላይ 5 ጫማ የሚወፍር፣ ጉሮሮው በ8 ኢንች ብረት የተከበበ፣ ሁለት ኢንች የሚወፍሩ ሁለት የብረት መዝጊያዎች ያሉት ነው። መዝጊያዎቹ ለተኩስ ይከፈታሉ፣ ወዲያው ይዘጋሉ፤ መድፈኞቹ እስኪያጎርሱ ድረስ የሚበተን ጥይት አይገባም።

ይህ ሁሉ የተለካው ግን አፈሙዙ ውስጡ ልሙጥ በሆነ መድፍ ነው። ልሙጥ መድፍ የሚተኩሰው ክብ ኳስ ነው። ክብ ኳስ አየር ላይ ፍጥነቱን ቶሎ ያጣል፣ አቅጣጫውም ይዋልላል፤ ከ700 እስከ 1,000 ያርድ ካለፈ ወፍራም ግንብ አይደረምስም ተብሎ ይሰላ ነበር። ስሌቱ ለዚያ መድፍ ልክ ነበር። ከዚያ ውስጡ ጠመዝማዛ ቦይ ያለው መድፍ መጣ። ጥይቱ ሾጣጣና ረዥም ነው፤ እየተሽከረከረ ስለሚሄድ ጫፉ ወደፊት ይቀራል፣ ለተመሳሳይ ስፋት ክብደቱ ይበልጣል፣ ፍጥነቱን ይዞ ይደርሳል፣ ደጋግሞም አንድ ቦታ ይመታል።

ኤፕሪል 10 ቀን 1862፣ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ፣ ካፒቴን ኩዊንሲ ጊልሞር ጆርጂያ ውስጥ ፎርት ፑላስኪን ከአንድ ማይል ገደማ ርቀት መታው። ጊልሞር የዚያው የቶተን ጓድ መሐንዲስ፣ መርፌዎቹ በስሙ የሚጠሩት ሰው ነው። የፑላስኪ ግንብ ውፍረቱ 7 ጫማ ተኩል የሆነ ጡብ ነበር። ከ30 ሰዓት ያህል በኋላ ግንቡ ተቀዶ ጥይቱ በቀዳዳው አልፎ ባሩድ ቤቱን ሲያሰጋ ምሽጉ እጁን ሰጠ። ምሽጉን ለያዙት የደቡብ ወታደሮች ከዚያ ርቀት ግንባችሁ አይደረመስም ብሎ የነገራቸው ሮበርት ሊ ነበር፤ እሱም በወጣትነቱ እዚያው ደሴት ላይ የሠራ የዚሁ ጓድ መሐንዲስ ነው። ቶተንም እንደዚያው ያምን ነበር። የባሕር ዳሩ ዕቅድ ወጥቶ 40 ዓመት ያለፈው፣ የጡብና የድንጋይ ምሽግ ዘመን በዚያ ቀን አበቃ።

ጥያቄ፦ ባሕር መሐል ድንጋይ እንዴት ይገነባል? ስለ መብራት ማማው አንድ መስመር ብቻ ጽፋችሁ አለፋችሁት። (አንባቢ፣ ሜክሲኮ አካባቢ)

ማሳቹሴትስ ዳርቻ ማይኖትስ ሌጅ በሚባል ዓለት ላይ ያለውን ማማ ነው የጠቀስነው። መጀመሪያ በብረት እግሮች ላይ የቆመ ማማ ነበር፤ በ1850 በርቶ ኤፕሪል 1851 ማዕበል ወሰደው፤ ሁለት ጠባቂዎች ሞቱ። ቶተን በምትኩ የድንጋይ ማማ ነደፈ፤ ሥራውን የመራው ባርተን አሌግዛንደር ነው። በንድፉ የታችኛው 40 ጫማ ድፍን ድንጋይ ነው፤ ማዕበሉን የሚችለው በክብደቱ ነው።

ዓለቱ የሚገለጠው ባሕሩ በጣም ሲጎድልና ሲረጋ ብቻ ስለሆነ፣ በመጀመሪያው ዓመት፣ በ1855፣ ዓለቱ ላይ የተሠራው 130 ሰዓት ያህል ነው። ድንጋዩ ሁሉ የተጠረበው የብስ ላይ ነው፤ እያንዳንዱ ረድፍ ሙሉ በሙሉ ተገጣጥሞ ታይቶ፣ ቁጥር ተጽፎበት፣ ከዚያ ወደ ባሕር ይሄዳል። ድንጋዮቹ ጎን ለጎን እንደ አናጢ የእርግብ ጅራት መገጣጠሚያ ይያያዛሉ፣ ከላይ ወደታች ደግሞ በብረት ካስማ ይሰፋሉ። ሞርታሩን ማዕበል እንዳያጥበው ስስ የጥጥ ጨርቅ ላይ ቀብተው ድንጋዩን በእሱ ይጠቀልሉታል፤ ሞርታሩ ትንሽ ሲይዝ ድንጋዩ ቦታው ላይ ይቀመጣል፣ በክብደቱ ሲጫን ሲሚንቶው በጨርቁ ቀዳዳ አልፎ ይጣበቃል።

በጃንዋሪ 1857 ሠራተኞቹ የሚይዙት የብረት መዋቅር ተሰባብሮ ተገኘ። አሌግዛንደር ብረት ያልቻለውን ባሕር ድንጋይ ይችላል ወይ ብሎ ተጨነቀ። ሲጣራ የሰበረው ማዕበሉ ሳይሆን ዓለቱን የገጨ መርከብ ነበር። ሥራው ቀጠለ፤ ያን ዓመት የተቀመጡት ድንጋዮች 4 ብቻ ናቸው። 1,079 ድንጋይ ፈጅቶ በ1860 አለቀ፤ ዛሬም ቆሟል።

ጥያቄ፦ በቅርቡ ኒውዮርክ እሄዳለሁ። ከሥራዎቹ የማየው አለ? (ከፒያሳ)

አለ። ካስል ክሊንተን የማንሃተን ደቡብ ጫፍ ላይ ነው። ሲሠራ ከባሕር ዳር በድልድይ የሚገናኝ ደሴት ላይ ነበር፤ በኋላ መሐሉ በአፈር ተሞላ። ወደ ነፃነት ሐውልት የሚሄደው ጀልባ ቲኬት የሚሸጠው እዚያ ግቢ ውስጥ ስለሆነ አያመልጥዎትም። ካስል ዊሊያምስ ፊት ለፊት ገቨርነርስ ደሴት ላይ ነው፤ በጀልባ ይሻገራሉ። ፎርት አዳምስ ሮድ አይላንድ ግዛት፣ ኒውፖርት ነው። ሜትር ይያዙ። ቀዳዳዎቹን ከውስጥም ከውጭም ይለኩ፤ የካስል ዊሊያምስንና የፎርት አዳምስን ልክ ሲያስተያዩ ንድፉ በመካከላቸው ባለፉት ዓመታት ምን ያህል እንደተለወጠ በቁጥር ያገኙታል።